ብረት ብረት ያለው ቡና

ጅማ ከተማ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የቅምሻ ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ማውራት ክልክል ነበር። ሦስቱ ቀማሾች በጠረጴዛው ዙሪያ ይቆማሉ። ከሲኒ ወደ ሲኒ እየተሻገሩ በማንኪያ ይጨልፋሉ፣ ድምፅ እስኪሰማ ስበው ይምጋሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያንከባልሉና ወደ መትፊያው ይተፋሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ያገኘውን ጣዕም በየራሱ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ለማንም እንዳያደሉ ናሙናው ላይ ቁጥር እንጂ የባለቤት ስም አይጻፍም። አንዱ ሌላውን እንዳይከተል ደግሞ የጎረቤትን ወረቀት ማየት ነውር ነው።

ሕጉ ያላሰበው ነገር ቢኖር የዋና ቀማሹን የአብነትን አተፋፍ ነው። አብነት ጥሩ ቡና ያገኘ እንደሆነ አፉ ውስጥ አቆይቶ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ የሚሰናበተው ይመስል ቀስ ብሎ ይተፋል። መጥፎ ካገኘ ግን ቱፍ ነው፤ አለቀ። የትናየትና ወንድወሰን የሚባሉት ሁለቱ ቀማሾች ሥራውን ከሱ እጅ የተማሩ ናቸው። ወረቀቱን አያዩም፤ ጆሯቸውን ግን ማን ይከለክለዋል? እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት እሱ እስኪተፋ ይጠብቃሉ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን አብነት ቁጥር ሠላሳ አንድ የተጻፈበት ሲኒ ጋ ደረሰ። ሽታው ደስ ይል ነበር። አንድ ጊዜ ማገና ፊቱ ተለወጠ። ብረት፤ የዛገ ምስማር የመጥባት ያህል። ቱፍ አለና «ብረት ብረት ይላል፤ ለታጠበ ቡና ደረጃ አይመጥንም» ብሎ ጻፈ። አጠገቡ የትናየት ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ስትሰርዝ በጎን አያት፤ ነገሬ ግን አላለውም።

ሐሙስ ጠዋት ጀቤሳ ከሰቃ መጣ። ጀቤሳ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የአርባ ሁለት ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። በነሱ መንደር ቡና ከነገለባው ይደርቃል እንጂ ታጥቦ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ተማክረው መፈልፈያ ማሽን አስተከሉ፤ ቀይ ቀዩን ብቻ ለቀሙ፣ ፈለፈሉ፣ አጠቡ፣ የሽቦ አልጋ ላይ አሰጥተው እንደ ሕፃን ሲጠብቁት ከረሙ። ቁጥር ሠላሳ አንድ የእነሱ ኖሯል።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ አብነት?»

«ነጋያ፣ ኦቦ ጀቤሳ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ጀቤሳ አልተቀመጠም። «ወረቀቱ ብረት አለው ይላል። እኔ የምለው፣ የኛ ዛፍ ምስማር አይበላ፣ ብረቱ ከየት መጣ?»

በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ሳቀ። አብነት አልሳቀም። «ማሽኑ ዝጎ ይሆናል» አለ።

«እኛም እንደሱ ነው ያልነው። ተሰብስበን ሸኩርን ከማሽኑ ሥራ አስነሣነው። ሸኩር የእህቴ ባል ነው፤ ማሽኑን የሚያስነሣውም የሚያጥበውም እሱ ነበር። ‹ሳትወለውል እያደርክ አዝገህ አጠፋኸን› አሉት። ‹ወላሂ በየቀኑ ወልውያለሁ› ብሎ ማለ። ማንም አልሰማው። አሁን መስጊድ እንኳ ከሰው ኋላ ለብቻው ነው የሚቆመው።» ጠጋ አለና፣ «ማሎ፣ ኦቦ አብነት፣ ሁለተኛ መቀመስ ይቻላል ወይ?» አለ።

«ይቻላል። ሰኞ ይቀመሳል።»

«ሰኞም ብረት ካለ ማሽኑን ነቅለን እንሸጠዋለን። በአባቶቻችን መንገድ እንመለሳለን፤ ምን እናደርጋለን?»

እሱን ከሸኘ በኋላ አብነት ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ገብቶ ሻይና ዳቦ አዘዘ። ዳቦውን ገምጦ ሳህኑ ላይ ሲመልሰው፣ ነጩ ላይ የጥርሱን ቅርፅ ተከትሎ ቀይ መስመር ቀርቷል። ሻዩን ፉት አለ። ሻዩም ብረት ብረት ይላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ፉት አለና ሲኒውን አስቀመጠው። ሻይ ቤቱ መፈልፈያ ማሽን የለውም።

ድዱ መድማት ከጀመረ ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ መፋቂያው ሻካራ ሆኖ መሰለውና ለወጠው። ለስላሳውም አደማው። እንዳይደማ ብሎ መፋቁን ራሱን ተወው፤ ብሶ ቁጭ አለ። ለማንም አልተናገረም። ቀማሽ አፌን ታመምኩ ካለ ሹፌር ዓይኔ አላይ አለኝ እንደ ማለት ነው። ደግሞም ነገሩን የሚያውቀው ይመስለው ነበር። አባቱ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በደርግ ጊዜ በመንግሥት ቡና ቀማሽ ነበሩ፤ አርባ አምስት ሳይሞላቸው አንድ ጥርስ አልቀረላቸውም። ቤት ውስጥ ሲወራ የኖረው ቡናው እንደ በላቸው ነው። አብነትም ማንኪያ ሲያነሣ ይህን አውቆ ነው ያነሣው፤ እንዲህ ቶሎ ይመጣል ብሎ ግን አላሰበም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቦሳ ኪቶ ቀበሌ ወዳለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄደ። ዶክተር ዙሀራ ጎልማሳ፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማይጠፋት ሴት ናት። ቀጭን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል እያስገባች ለረዳቷ ቁጥር ትጠራለች፤ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥሩ አለመሆኑ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«ጥርስዎን አንዱንም ነቀዝ አልነካውም» አለችው። «አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ጥርሱ ስስ ነው፣ ቶሎ ይበሳል። የእርስዎ ድንጋይ ነው። የታመመው የቆመበት ቦታ ነው። ድዱ ለቋል፣ ሥር ያለው አጥንት እያለቀ ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመት ይህን ያህል አይጠበቅም። ከቤተሰብ ጥርሱ ቶሎ የወለቀ ሰው አለ?»

«አባቴ። የሳቸው ግን ከቡና ነው፤ ቀማሽ ነበሩ።»

«እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ በቀን ሦስቴ እጠጣለሁ። ቡና ጥርስ ያጠቁራል እንጂ አይነቅልም። ወንድም፣ እህትስ?»

«አንድ እህት አለችኝ፤ ሰርቦ ነው የምትኖረው። እሷ ደህና ናት። አባታችን ጥርሳቸው ካለቀ በኋላ ቡና ከልክለው ነው ያሳደጓት። እንዲያውም ጥርሷ ያምራል። በቅርቡ ፍንጭት አወጣች።»

ዙሀራ ጓንቷን ማውለቅ ጀምራ ነበር፤ ግማሽ ላይ ቆመች። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«በሃያ ስምንት ዓመት ፍንጭት አይወጣም፣ አቶ አብነት። ፍንጭት ጥርሱ ሲበቅል ጀምሮ ያለ ነው። በኋላ ከመጣ ጥርሱ ቦታውን እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ይዘዋት ይምጡ።»

አብነት አፉን በመሐረብ ያዘ። ዙሀራ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ከቡና ጋር ነው የሚውሉት አይደል? የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ አይተዋል። አንድ ማሳ ነው፣ አንድ ዝናብ ነው የሚወርድበት፣ በሽታውም አንድ ነው። አንዱ ዛፍ ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል፤ አጠገቡ ያለው ምንም አይሆንም። ለምን?»

«ዘሩ ነው።»

«የኛም እንደዚሁ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን እኔም ጋ አሉ፣ እርስዎም ጋ አሉ። የኔ ሰውነት ይታገሣቸዋል። የእርስዎ ግን ሲያገኛቸው ከመጠን በላይ ይቆጣል፤ ቁጣው ተርፎ የራሱን አጥንት ይጎዳል። ያ ቁጡነት በዘር ይወርዳል። ከአባትዎ ወርዶ ለሁለታችሁም የደረሳችሁ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ተጽፎብኛል በሉኛ።»

«እንደሱ አላልኩም። ደካማ ዘር የተከለ ገበሬ ዛፉን ይቆርጠዋል? ከሌላው አብልጦ ይንከባከበዋል እንጂ። እርስዎ ከሰው እጥፍ ማጽዳት አለብዎት፤ እርስዎ ግን እንዲያውም ተዉት።» ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «ከድዱ በታች እናጸዳለን፣ በየሦስት ወሩ እየመጡ ይታያሉ። የሚጉመጠመጡት መድኃኒት አለ። እሱ ግን ጣዕም ያደበዝዛል። ሦስት ወር አይቀምሱም።»

«ወቅቱ እኮ ነው፣ ዶክተር!»

«ወቅት በየዓመቱ ይመጣል። ያለቀ አጥንት ተመልሶ አይመጣም።» ቀና ብላ አየችው። «ለመሆኑ ደሙ ቅምሻውን አያበላሽብዎትም?»

«አይ» አለ አብነት። ከክሊኒኩ ወጥቶ ዋናው መንገድ እስኪደርስ ድረስ ያቺ «አይ» ጆሮው ውስጥ ነበረች።

ቅዳሜ ሰርቦ ሄደ። እህቱ ሩት ከባሏ ከባሮክ ጋር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ገና ከበሩ ሲያያት ሳቀች፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል እህል የሚያሾልክ ክፍተት አለ።

«ምን እንደዚህ ታየኛለህ? ቆንጅቼ ነው?» አለችው። «ባሮክ ‹ሌላ ሴት ስታረጅ አንቺ ታምሪያለሽ› ይለኛል። ገበያተኛው ሁሉ ፍንጭቷ እያለ ነው የሚጠራኝ።»

«እስቲ በጣትሽ ነክተሽ ግፊው።»

«ምኑን?»

«ጥርሱን።»

እየሳቀች ነካችው። ጥርሱ እንደ ወተት ጥርስ ወደ ውስጥ ሄዶ ተመለሰ። ሳቋ ቆመ። ሌላኛውንም ነካች። ከዚያ ዙሀራ ያለችውን ሁሉ ነገራት፤ ሩት የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ሲጨርስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አብነቴ፣ እኔ እኮ ቡና ቀምሼ አላውቅም።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀው፣ ፍርፍራቸውን በድዳቸው ያላምጣሉ። አብነት የሰማውንና ያየውን ከሥር እስከ ጫፍ ነገራቸው። አባቱ ጥርሳቸውን ለሥራ የከፈሉ ሰው ተብለው ሃያ ዓመት ሲከበሩ ኖረዋል፤ ይቆጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ሩትም?» ብቻ አሉ።

«ሩትም፣ አባባ።»

«እኔ እኮ ቡና ከልክዬ ነው ያሳደግኳት።» ሳህኑን ገፋ አደረጉት። «አባቴም በአርባ ዓመታቸው ድዳቸው ባዶ ነበር። መንዝ ነበሩ፤ ጠላ እንጂ ቡና የሚባል ነገር አያውቁም። እሱን እያወቅኩ ነው...» ብለው አቋረጡ።

አብነት የሰቃውን ቡና፣ ጀቤሳንና ሸኩርንም ነገራቸው። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አባባ። ብረቱ ከአፌ ነው።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዙሪያቸውን ቃኙ። «ሰኞ ሲቀመስ አሳልፈውና ይለቅ። ምን ያስለፈልፍሃል?»

«ቁጥሩ ይቀየራል እኮ። የቱ የነሱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ሁሉንም አሳልፋ።»

«የተበላሸውንም?»

ፀሐይዋ ከበረንዳው ጫፍ እየሸሸች ነበር። በመጨረሻ ልጃቸውን ሳያዩ፣ «እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኜ ቀምሻለሁ» አሉ። «ደሙን ስውጥ እየዋልኩ። መቼም አንዳንዱን ያለ ጥፋቱ ጥያለሁ፤ የስንቱን እንደሆነ አላውቅም። ስማቸውን እንኳ አላውቅም፤ ቁጥር ነበሩ። ኋላ ጥርሴ ሲያልቅ ሰው አዘነልኝ። ለሥራው ሲል ነው ብሎ አከበረኝ። እኔም ክብሩን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።»

«አሁንስ ዝም በል ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ምን አፍ አለኝ፣ ልጄ» አሉና ጥርሳቸውን ከሳህኑ አጠገብ አንሥተው እያገላበጡ ያዩት ጀመር።

ሰኞ ጠዋት የሰቃው ያለበት ስድስት ሲኒ ቁጥሩ ተቀይሮ ተደረደረ፤ ውሃው ተቀዳ። የትናየትና ወንድወሰን ቦታቸውን ያዙ። ጀቤሳ ከክፍሉ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አብነት ማንኪያውን ሳያነሣ ቆመ። ማውራት በተከለከለበት ክፍል ውስጥ ሲናገር ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«እኔ ዛሬ አልቀምስም። ድዴ ይደማል። ዓመት ሊሆነው ነው። ማክሰኞ የጣልኩት ሠላሳ አንድ ቁጥር ብረት የለውም፤ የኔ ደም ነው። ወቅቱ ከገባበት ከኅዳር ጀምሮ የጣልኩት ሁሉ እንደገና ይቀመስ።»

ወንድወሰን አፉን ከፍቶ ቀረ። የትናየት ፊቷ ቀላ። «አብነት፣ እኔ እኮ ማክሰኞ ‹ንጹሕ› ብዬ ጽፌ ነበር» አለች። «አንተ ቱፍ ስትል ነው የሰረዝኩት። የኔ ምላስ አልገባውም ብዬ።»

«ገብቶት ነበር። በሉ እኔ ልውጣ፤ እኔን እያያችሁ አትቀምሱም።»

ወጥቶ ከጀቤሳ አጠገብ ተቀመጠና ለእሱም ነገረው። ጀቤሳ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ስለዚህ ማሽኑ ደህና ነው።»

«ደህና ነው።»

«ሸኩርስ?»

አብነት አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ፣ ኦቦ ጀቤሳ።»

«እኔን ምን ይቅርታ ትለኛለህ? እኔ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያለሁ፤ ሸኩር ነው ሰው ሰላም የማይለው» አለ ጀቤሳ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነበር የከበደው። «እኔ ሄጄ ብነግራቸው አያምኑኝም። ለእህትህ ባል ብለህ ነው ይሉኛል። አንተ ትመጣለህ።»

«ሰቃ?»

«ሰቃ። ቆመህ ራስህ ትናገራለህ።»

በሩ ተከፈተና የትናየት ወጣች። ስድስቱም ሲኒ ንጹሕ ነው፤ ወንድወሰንማ የብርቱካን አበባ ይሸታል ብሎ ጽፏል። ጀቤሳ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ዓይኑን ግን ከአብነት ላይ አላነሣም።

የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ነገሩን እንደ ሰማ ዋና ቀማሽነቱን ለየትናየት ሰጣት፤ አብነትን ወደ መጋዘን አዛወረው። ከሦስት ወር በኋላ ይመለስ እንደሆነ አብነት አልጠየቀም፤ ሥራ አስኪያጁም ቃል አልገባም። ረቡዕ አብነትና ሩት ዙሀራ ጋ ሄዱ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሳይጠሩ ተከተሏቸው። የሚነቀል ጥርስ ሳይኖራቸው ወንበር ይዘው ተቀመጡና፣ ስለ አባታቸውና ስለ ወንድሞቻቸው ድድ ለተጠየቁት ሁሉ አንድ በአንድ መለሱ። ረዳቷ መጻፍ እስኪያቅታት ድረስ ተናገሩ።

በማግስቱ አብነት ከድዱ ጽዳት ጉንጩ እንዳበጠ ሰቃ ሄደ። የማኅበሩ ሰዎች በመፈልፈያው አጠገብ፣ ከዋንዛ ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። ሸኩር ቀጭን ሰው ነው፤ ከሁሉም ራቅ ብሎ የታጠፈ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አብነት በሰው ፊት መናገር ሲያስፈራው የኖረ ሰው ነው። ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየቀላቀለ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ያለውን ሁሉ ተናገረ። ደሙን፣ ዝም ማለቱን፣ በአባቱና በአያቱ የነበረውን።

ሲጨርስ ከኋላ አንድ ሰው፣ «ይህ ሰውዬ ዩኒየን ልኮት ነው። ማን ያውቃል!» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «የሸኩር ዘመድ ሳይከፍለው አይቀርም» ሲል ሳቅ ተነሣ።

አዴ ወርቂቱ የሚሏቸው አሮጊት፣ ከማኅበሩ በዕድሜ ትልቋ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቀርበው እንደ ቡና ናሙና ሊመረምሩት ፊቱ ቆሙ።

«አፍህን ክፈት» አሉት።

አብነት ደነገጠ። ጀቤሳን አየው። አፉን ከፈተ። አሮጊቷ አገጩን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ላዩንም ታቹንም ጊዜ ወስደው አዩ። ያበጠው፣ የቀላው፣ ከጥርሱ የሸሸው ድድ ለማንም አይሰወርም ነበር።

«ያ ረቢ!» አሉ በዝግታ። ከዚያ አገጩን ሳይለቁ ዞር አሉ። «ሸኩር! ና፣ አንተም እይ። ያንተ ዝገት እዚህ ነው ያለው።»

ሸኩር ከጆንያው ተነሣ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱ ትከሻውን ነካ አደረገው። መጥቶ ከአሮጊቷ ጎን ቆመና ጎንበስ ብሎ ወደ አብነት አፍ ውስጥ ተመለከተ። አልቸኮለም። የአብነት መንጋጋ ደከመ፤ ምራቁ ከደም ጋር በአገጩ ወረደ፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። ሸኩር እስኪበቃው ድረስ ግን አፉን አልዘጋም።